«ቪትዝ ለድሬ አትሆንም» ላሉት ጸሐፊ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ብዙ የድሬ ሰው እየተቀባበለ ያነበበው አንድ ጽሑፍ እኔም እጅ ገባ። ሐሳቡ በአጭሩ «ለድሬዳዋ ትንሽ መኪና አትሆንም» የሚል ነው። ጸሐፊው እንደሚሉት ቪትዝ፣ ያሪስ፣ ዲዛየርና መሰሎቻቸው ወደ ሐረር የሚያስወጣውን የደንገጎን ዳገት አይወጡም። ሙቀታችንን አይችሉም። ለመንገዳችን ዝቅ ይላሉ፣ ቤተሰብና ዕቃ አይይዙም፣ አደጋ ቢደርስ አያተርፉም። በዚያው ብር አሮጌ ኮሮላ ወይም ፒክአፕ መግዛት ይሻላል። ያንን ያልቻለ ባጃጅ ይበቃዋል። ትዕግሥት ያለው ደግሞ ኤሌክትሪክ መኪና ይጠብቅ ይላሉ።

ጽሑፉ በጨዋ ቋንቋ የተጻፈ ነው። ጸሐፊውም ሰው እንዳይጎዳ አስበው እንደጻፉት ያስታውቃል። ግን አንድ የሥራ ባልደረባዬ ቀብድ ሊከፍል ተዘጋጅቶ ሳለ ይህን አንብቦ ተወው። ሦስት ልጆች አሉት፤ ጠዋት ጠዋት በሁለት ባጃጅ ተከፋፍለው ነው የሚወጡት። ያኔ ነው መጻፍ አለብኝ ያልኩት።

እኔ የምኖረው ሳቢያን ነው። ሥራዬ ከዚራ፣ እናቴ ሐረር። የማሽከረክረው ባለ አንድ ሊትር ቪትዝ ናት፤ እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2010 ከተሠሩት። ልጆች አደርስባታለሁ፣ ታይዋን ገበያ እሄድባታለሁ፣ ደንገጎን እወጣባታለሁ። ስለዚህ የምናገረው ስለማውቃት መኪና ነው። እምነቴም ይህ ነው፦ ድሬ ላይ ትንሽ መኪና የምትበላሸው ትንሽ ስለሆነች አይደለም። የሚያበላሻት ራዲያተሯ ውስጥ የምንጨምረው ውሃ፣ ዓመታት ሳይቀየር የሚቆየው የፍሬን ዘይት፣ ቁልቁለት ላይ የምንይዘው ማርሽ ነው።

«ደንገጎን አትወጣም»

ይህ የጽሑፉ ዋና ምሰሶ ነው። እኔም ብዙ የምቆየው እዚህ ላይ ነው።

ጸሐፊው በጽሑፋቸው መሃል ድሮ የነበሩትን ፔጆዎች በፍቅር ያነሳሉ። «መኪና ማለት እነሱ ነበሩ፤ ደንገጎን ሰው ጭነው ይወጡ ነበር» ይላሉ። እውነት ነው። ሐረር ላይ ፔጆ 404 ለአሥርተ ዓመታት ታክሲ ሆኖ አገልግሏል። እኔም ልጅ ሆኜ ተሳፍሬበታለሁ። ግን የ404ን ሞተር እንይ። 1618 ሲሲ ነው። ባለ ካርቡራተሩ ጉልበቱ 70 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነው። ክብደቱ ከአንድ ቶን በጥቂቱ ይበልጣል። አሁን የእኔን ቪትዝ እንይ። ሞተሯ 996 ሲሲ፣ ባለ ሦስት ሲሊንደር፣ ጉልበቷ 71 የፈረስ ጉልበት። ክብደቷ አንድ ቶን አካባቢ። ዲዛየር ደግሞ ባለ 1.2 ሊትር ሆና 80 ያልፋል፤ ክብደቷ 900 ኪሎ እንኳ አይሞላም። እንግዲህ ጸሐፊው የሚያወድሱት ፔጆና የሚነቅፏት ቪትዝ በጉልበትም በክብደትም እኩያ ናቸው። አንዱ ደንገጎን ከወጣ ሌላዋ የማትወጣበት ምክንያት የለም።

እንዲያውም እናስላው። ድሬ ከባሕር ጠለል በላይ 1200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ደንገጎ ላይ ስንደርስ ወደ 2000 ሜትር እንጠጋለን። መንገዱ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መኪናዋ ከነተሳፋሪዎቿ 1350 ኪሎ ትመዝን። በሰዓት 40 እየነዳን በግማሽ ሰዓት ወጣን እንበል። ያንን ክብደት በግማሽ ሰዓት ውስጥ 800 ሜትር ሽቅብ ለመግፋት በአማካይ የሚያስፈልገው 8 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነው። ለነፋሱና ለጎማው 5 ጨምሩ። ለኤሲው ሌላ 4 ወይም 5 ጨምሩ። 20 አይሞላም። ዳገቱ ጠንከር በሚልበት ጠመዝማዛ ላይ እጥፍ ይሁን፤ 40 አይሞላም። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህል ያጣል። ደንገጎ አናት ላይ ቪትዝ 55 ያህል ይቀራታል። ከበቂ በላይ ነው።

ታዲያ ችግሩ የት ላይ ነው? መቅደም ላይ ነው። ከፊታችሁ የተጫነ ሲኖትራክ እያዘገመ ሲወጣ ትንሽ መኪና ፈጥና ልትቀድመው አትችልም። በሦስተኛ ማርሽ ላይ ሆነው እግራቸውን እስከ ወለሉ ረግጠው የሚጠብቁ ሰዎች «ሞተሩ ሞተ» ይላሉ። ሞተሩ አልሞተም። ሁለተኛ ማርሽ አስገቡለት፣ 3500 ዙር ላይ ይሥራ፣ ድምፁ አያስፈራችሁ። እነዚህ ትንንሽ ሞተሮች ጉልበታቸው ያለው ዙሩ ሲጨምር ነው። በዝቅተኛ ዙር ማስጨነቅ ነው የሚጎዳቸው። ከሲኖትራኩ ኋላ ደግሞ ራቅ ብሎ መከተል ነው። ደንገጎ ላይ ቸኩሎ ያተረፈ ሰው አላውቅም።

«መንገድ ላይ ቆመው ኮፈን ከፍተው አያቸዋለሁ»

ጸሐፊው ይህን ያነሱት ለማስረጃ ነው። ልክ ናቸው፤ እኔም አያቸዋለሁ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ? ይህ ነገር ሥሩ ራሱ ውሃ ነው።

የድሬ ውሃ ጠንካራ ውሃ ነው። የኖራ ድንጋይ አቋርጦ የሚመጣ የከርሰ ምድር ውሃ ነው። ሲሚንቶ ፋብሪካ እዚህ የተተከለውም ያ ድንጋይ ስላለን ነው። የቤታችን ማንቆርቆሪያ ውስጡ ነጭ ቅርፊት ይሠራል፤ የማያውቅ የድሬ እናት የለችም። ያንኑ ውሃ በጀሪካን ቀድተን ራዲያተር ውስጥ ስንጨምር እዚያም ቅርፊቱን ይሠራል። አንዴ ጋራዥ ሄጄ የሰው ቪትዝ ራዲያተር ተፈትቶ አየሁ። ራዲያተር ውስጥ ያሉት ቱቦዎች ጠፍጣፋና ቀጫጭን ናቸው። ግማሾቹ በነጭ ደለል ተደፍነዋል። ሜካኒኩ በሽቦ ሲጭረው እንደ ኖራ እየተፈረፈረ ወረደ። ከታች ደግሞ ዝገት የለበሰ ጥቁር ቀይ ውሃ ፈሰሰ። ባለቤቱ ሦስት ጊዜ ቴስታታ፣ ማለትም የሞተሩን ራስ፣ አስከፍቷል። ሦስቱንም ጊዜ ከሥሩ ያለውን ማሸጊያ (ጓርኒሲዮን) ቀይረው የቧንቧ ውሃ ሞልተው መልሰውለታል። ያቺ መኪና ደንገጎ ላይ ብትቆም ምን ይገርማል?

መድኃኒቱ ኩላንት የሚባለው የራዲያተር ፈሳሽ ነው። ከተጣራ ውሃ ጋር ግማሽ በግማሽ ተደርጎ ይሞላል። አምራቹ ባለው ጊዜ ይቀየራል። ኩላንት ለብርድ አገር ነው የሚለውን ወሬ እርሱት። ዝገትና ቅርፊት ይከላከላል፣ የሚፈላበትንም ሙቀት ከፍ ያደርጋል።

ሌላው የራዲያተሩ ክዳን ነው። ትንሽ ዕቃ ናት፤ ማንም ልብ አይላትም። ውሃ ደንገጎ ከፍታ ላይ 93 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የሞተሩ መደበኛ ሙቀት ደግሞ 90 አካባቢ ነው። ያ ውሃ እንዳይፈላ የሚያደርገው ክዳኑ አፍኖ የሚይዘው ግፊት ነው። የክዳኑ ጎማ ሲደርቅና ሲሰነጠቅ ግፊቱ ያመልጣል፣ ውሃው ይፈላል፣ መኪናዋ ትቆማለች። ከዚያ «ቪትዝ ዳገት አትችልም» ይባላል። ያለ ስሟ ስም ይሰጧታል።

ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተሩ እንዳይሄድ ስለሚይዘው ስለ ቴርሞስታትም ልናገር፤ ይህ የቆላ ከተማ በሽታ ስለሆነ። «ለዚህ አገር አያስፈልግም» እያሉ አውጥተው የሚጥሉ ጋራዦች አሉ። እባካችሁ አታስወጡ። ቴርሞስታት ከሌለ ሞተሩ በቶሎ አይሞቅም። ኮምፒውተሩም ገና ቀዝቃዛ ነው ብሎ ነዳጅ ይጨምራል። ነዳጅ ትበላለች የሚባሉት ቪትዞች ብዙዎቹ እንዲህ የተደረጉ ናቸው።

ቪትዝ ላይ ግን አንድ እውነተኛ ጉድለት አለ። ጸሐፊው አላነሱትም፤ እኔ ላንሳላቸው። በዚህ ሞዴል ዳሽቦርድ ላይ የሙቀት መለኪያ ቀስት የለም። ያለው መብራት ነው፤ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ሰማያዊ፣ ከልክ ሲያልፍ ቀይ። ቀዩ ሲበራ ብዙ ጊዜ ዘግይቷል። ለዚህ አገር ይህ ትልቅ ጉድለት ነው። እኔ ከመሪው በታች ያለው ሶኬት ላይ የሚሰካ ኦቢዲ የሚባል ትንሽ ማንበቢያ ገዝቻለሁ። በብሉቱዝ ከስልኬ ጋር ተገናኝቶ ሙቀቱን በቁጥር ያሳየኛል። ደንገጎን ስወጣ 92፣ 95 እያለ ሲሄድ እረጋጋለሁ። 105 ከደረሰ ኤሲውን አጠፋለሁ፣ ካልወረደ ዳር ይዤ እቆማለሁ። ሞተር ሳልከፍት፣ ብር ሳላወጣ ማለት ነው።

ቁልቁለቱ

ጸሐፊው ስለ ዳገቱ ብዙ ብለው ስለ ቁልቁለቱ አንድ መስመር እንኳ አልጻፉም። እኔን የሚያስፈራኝ ግን እሱ ነው።

ሽቅብ ስንወጣ ሞተሩ የሰጠው ጉልበት በሙሉ ስንወርድ አንድ ቦታ መውጣት አለበት። ወይ በሞተሩ ይያዛል፣ ወይ በፍሬኑ ይቃጠላል። ከሐረር ስትመለሱ ደንገጎ ላይ «ወርጃለሁ፣ ነዳጅ ልቆጥብ» ብሎ ዜሮ ማርሽ ላይ አድርጎ የሚለቅ ሹፌር አለ። ይህ ዕብደት ነው፣ ቆጣቢም አይደለም። ኢንጀክሽን ያለው ሞተር ማርሽ ላይ ሆኖ እግራችሁን ከነዳጅ ስታነሱ ነዳጁን ጨርሶ ይዘጋዋል። ዜሮ ላይ ስታደርጉት ነው ቆሞ እንደሚሠራ መኪና የሚጠጣው።

የትንሽ መኪና ፍሬን ትንሽ ነው። ከፊት ዲስክ፣ ከኋላ ብዙውን ጊዜ ታምቡር። ለክብደቷ በቂ ነው፤ 20 ኪሎ ሜትር ሙሉ ከተረገጠ ግን ይግላል። የፍሬን ዘይት ደግሞ ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን የሚፈላው ቢያንስ 205 ዲግሪ ላይ ነው። እርጥበት ሲጠጣ ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። ዘይቱ ሲፈላ ውስጡ አረፋ ይፈጠራል፤ ፔዳሉ ወለል ድረስ ይገባል፤ ፍሬን የለም። ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ ማስቀየር ነው። ስትወርዱ በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ማርሽ ውረዱ። ኦቶማቲክ ከሆነች ከዲ አውጥታችሁ እንደ መኪናዋ ዓይነት 2፣ ኤል፣ ኤስ ወይም ቢ ላይ አድርጉ። ሞተሩ ይጮኻል፤ ይጩኽ። ፍሬኑን አልፎ አልፎ ጠንከር አድርጎ መርገጥና መልቀቅ ነው፤ እግርን ጭኖ መቆየት አይገባም።

ይህ ሁሉ ለፒክአፕም ይሠራል። የተጫነ ፒክአፕ ከቪትዝ እጥፍ ይመዝናል። ፍሬኑ ላይ የሚያርፈው ሙቀትም እጥፍ ነው።

«ሙቀቱ ውስጥ መቀመጥ አይቻልም»

ግንቦትና ሰኔ ላይ ድሬ 35 ዲግሪና ከዚያ በላይ ይላል። ሰባት ሰዓት ላይ ፀሐይ ላይ የዋለች መኪና ውስጧ እሳት ነው። ያ ግን ላንድክሩዘርም ያው ነው። እንዲያውም ትንሽ መኪና ውስጧ ጠባብ ስለሆነ የሚቀዘቅዘው አየር ትንሽ ነው። ኤሲዋ ጤነኛ ከሆነ ከትልቁ ቀድማ ትበርዳለች።

ጤነኛ ከሆነ ነው ያልኩት። የድሬ አቧራ ከራዲያተሩ ፊት ያለውን የኤሲ ኮንዴንሰር ይደፍነዋል። ኤሲውም ይደክማል፣ ከኋላው ያለው ራዲያተርም አየር ያጣል። ቀስ ባለ ውሃ ማጠብ ይበቃል። በከፍተኛ ግፊት ከመቱት ስስ የሆኑት ክንፎቹ ይታጠፋሉ። ከመሳቢያው ጀርባ ያለውን የኤሲ ፊልትሮም አውጥታችሁ እዩት። እኔ መኪናዋን ስገዛ ከውስጡ ያወጣሁት ነገር ፊልትሮ መሆኑን ለማወቅ ቸግሮኝ ነበር። ስትገቡ መጀመሪያ መስኮቶቹን ከፍታችሁ ጥቂት ንዱ። የጋለው አየር ይውጣ። ከዚያ ዝጉና አየሩን ውስጥ ለውስጥ በሚያዞረው ላይ አድርጉት። ከዚራ የዛፍ ጥላ ሞልቷል፤ ትንሽ መኪና ደግሞ ትልቁ የማይገባበት ጥላ ሥር ትገባለች።

ባትሪን በተመለከተ ጸሐፊው እውነት አላቸው፤ ቆላ ላይ ቶሎ ይሞታል። የትንሽ መኪና ባትሪ ግን ትንሽ ነው፣ ዋጋውም ያነሰ ነው። ጎማ ላይ ደግሞ ጠዋት ሳይሞቅ ነፋሱን አስለኩ። በቀትር ሙቀት «በዝቷል» ብሎ ማስተንፈስ ጎማውን የሚገድል ስህተት ነው። ስትገዙም ጎኑ ላይ ያሉትን አራት አሃዞች አንብቡ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ዓመቱን ይናገራሉ። ጎሚስታው «አዲስ ነው» ቢልም መጋዘን ውስጥ ያረጀ ጎማ ሊሆን ይችላል።

«ለመንገዳችን ዝቅ ትላለች»

የት ያለው መንገድ? ከዚራ አስፋልት ነው። የባቡሩ ሰዎች ሲቀይሱት ሰፊና ቀጥ ያለ አድርገውታል። ብዙ ሰፈር ኮብልስቶን ገብቷል። ዲዛየር ከመሬት ያላት ከፍታ 163 ሚሊ ሜትር ነው፤ ቪትዝ ትንሽ ታንሳለች። ከኋላ ሦስት ትልልቅ ሰዎች ተቀምጠው ጉብታ ስትሻገሩ ልትነካ ትችላለች። ቀስ ብሎ ማለፍ ነው። ከሞተሩ ሥር ላሜራ አሳሥሩ። ሰፈራችሁ ውስጥ ለውስጡ ድንጋይ ከሆነ ግን ጸሐፊውን ስሟቸው። መጋላ ውስጥና ሐረር ጁገል ዙሪያ ባሉት ጠባብ መንገዶች ግን ትንሽ መኪና ንግሥት ናት። ዲዛየር ለመዞር የሚያስፈልጋት ራዲየስ 4.8 ሜትር ነው። ፒክአፕ ሦስት ጊዜ ወደፊትና ወደኋላ የሚልበትን እሷ በአንዴ ትዞራለች።

ስለ ጎርፍ ያሉትን ግን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ ያደረገውን የድሬ ሰው አይረሳም፤ ከ200 በላይ ሰው ሞቷል። ቀላል መኪናን 30 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ውሃ ማንሳት ይጀምራል። ላይ ሐረርጌ ሲደምን ሸለቆውን አትሻገሩ። ሰማዩ እናንተ ጋ ጥርት ያለ ቢሆንም።

«ቤተሰብና ዕቃ አትይዝም»

አምስት ሰው ትይዛለች። ሰባት አትይዝም። ውሃ ሲጠፋ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አራት እጭናለሁ፤ 80 ኪሎ ነው፣ የአንድ ሰው ክብደት። የኋላ ወንበሯ ሲታጠፍ የሽንኩርት ጆንያና የቤት ዕቃ ይገባል። በአጠቃላይ ከነሹፌሩ 400 ኪሎ አካባቢ ላይ ማቆም ነው። ነጋዴ ከሆናችሁና በየቀኑ የምትጭኑ ከሆነ ይህች መኪና ለእናንተ አልተሠራችም።

«አደጋ ላይ አታተርፍም»

እዚህ ላይ ጸሐፊውን አልከራከራቸውም። ከጻፉት ሁሉ ጠንካራው ይህ ነው።

ግሎባል ኤንካፕ የሚባለው ድርጅት ርካሽ መኪኖችን ግድግዳ ላይ እያጋጨ ይፈትናል። ህንድ ሠራሹ ሱዙኪ ኤስ-ፕሬሶ እ.ኤ.አ. በ2020 ሲፈተን ዜሮ ኮከብ ነው ያገኘው። ስዊፍት በ2018 ሁለት ኮከብ አገኘ። አዲሱ የዲዛየር ሞዴል ግን በ2024 አምስት ኮከብ አግኝቷል። ስለዚህ ትንሽ መሆን ብቻውን ዕጣ ፈንታ አይደለም፤ አሠራሩ ነው። እዚህ አገር በብዛት ያሉት ግን የቀድሞዎቹ ናቸው።

የክብደትም ጉዳይ አለ። 900 ኪሎ የምትመዝን መኪና ዕቃ ከጫነ ከባድ መኪና ጋር ስትጋጭ ማን እንደሚጎዳ ግልጽ ነው። በሐረር መንገድ ላይ ደግሞ ከአወዳይ ጫት የጫኑ መኪኖች አሉ። ጫት ትኩስ መድረስ ስላለበት ፍጥነታቸው ያስደነግጣል። በዚያ መንገድ ላይ ማታ አልነዳም። ቤተሰብ ይዤ በፍጹም።

ከዚያ ውጭ በእጃችን ያለውን እናድርግ። ከኋላ የተቀመጠም ቀበቶ ይሰር። ልጅ ጭን ላይ አይቀመጥ። ያገለገለ ቪትዝ ስትገዙ ደግሞ ኤርባጉ መኖሩን አረጋግጡ። ቁልፉን ስትከፍቱ የኤርባግ መብራት ለጥቂት ሰከንድ ይበራና ይጠፋል። ጨርሶ የማይበራ ከሆነ መብራቱን ነቅለውታል ማለት ነው። ኤርባጉ አንዴ ፈንድቶ ባዶ ክዳን የተገጠመባቸው መኪኖች ገበያ ላይ አሉ።

አሮጌ ኮሮላ ግን በዚህ ነጥብ መልስ አይሆንም። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የተሠራ ዲኤክስ የሚባለው ኮሮላ ኤርባግም፣ ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆልፍ የሚያደርገው ኤቢኤስም የለውም።

«በዚያው ብር ኮሮላ ወይም ፒክአፕ»

ርካሽ የሚባለው ቃል አገራችን ላይ ያሳፍራል፤ ያገለገለች ቪትዝ ከሚሊዮን ብር በላይ ናት። ይህን ያህል ከፍሎ የሚገዛ ሰው የሚያስበው የሚከተለውን የየወሩን ወጪ ነው።

በወር 1000 ኪሎ ሜትር ንዱ። ቪትዝ ኤሲ ከፍታ ከተማ ውስጥ በሊትር 14 ኪሎ ሜትር ያህል ትሄዳለች፤ 71 ሊትር ትፈጃለች። ባለ ካርቡራተሩ አሮጌ ኮሮላ 10 ቢሄድ 100 ሊትር ነው። ልዩነቱ በዓመት 350 ሊትር ገደማ ነው። የነዳጅ ድጎማው ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ቀስ በቀስ ሲነሳ ቆይቷል፤ ያ ልዩነት በየጊዜው በብር ሲያድግ አይተናል። ቤንዚን ሲጠፋና ሰልፉ ሲረዝምም እንዲሁ ነው። የቪትዝ ታንክ 42 ሊትር ነው። አንዴ ከሞላሁት ከተማ ለከተማ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ እሄድበታለሁ። ጎረቤቴ ሁለት ጊዜ ሲሰለፍ እኔ አንድ ጊዜ ነው የምሰለፈው።

ትንንሽ መኪኖች በአጋጣሚ አልበዙም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከ1300 ሲሲ የማይበልጥ አዲስ አውቶሞቢል ላይ 5 በመቶ ብቻ ጣለ። ያረጁት ላይ እስከ 500 በመቶ አደረሰው። ዲዛየር አገር ምድሩን የሞላችው ከዚያ በኋላ ነው። መለዋወጫውም ሜካኒኩም ተከትሎ መጣ። ዛሬ ድሬ ላይ የቪትዝ ፍሬን ሸራ ወይም ካንዴላ የማይገኝበት መለዋወጫ ሱቅ ማግኘት ይቸግራል። ፒክአፕ ደግሞ ሥራ ላለው ሰው ነው። ልጅ ለማድረስ ሁለት ቶን ብረት ማንቀሳቀስ ለምን?

«ባጃጅ ይበቃል»

ብቻችሁን ከሆናችሁና ሥራችሁ ቅርብ ከሆነ አዎ፣ ይበቃል። የድሬን ባጃጅ እወዳለሁ፤ ይህችን ከተማ ተሸክሞ የሚውለው እሱ ነው። ግን ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልጅ ሲያተኩሰው ባጃጅ ፍለጋ ወጥታችሁ ታውቃላችሁ? እናታችሁ ሐረር ታማ ስልክ ሲደወልስ? ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ለመሄድ አያታችሁን ይዛችሁ መኪና ስትለማመጡስ? ጸሐፊው ወጪውን በቀን ሂሳብ አስልተው ባጃጅ ይረክሳል አሉ። ለአንድ ሰው ልክ ነው። ለአምስት ሰው፣ ጠዋትና ማታ፣ በሁለት ባጃጅ ሲሆን ሂሳቡን ድጋሚ ይሥሩት።

«ኤሌክትሪክ ጠብቁ»

ከጥር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከልክሏል። ስለዚህ ወደፊቱ ወደዚያ መሆኑን እኔም አምናለሁ። እንዲያውም ኤሌክትሪክ መኪና ለደንገጎ ጥሩ ጸባይ አለው፤ ስትወርዱ ጉልበቱን መልሶ ወደ ባትሪው ይሞላል። ግን አሁን በአቅማችን ዙሪያ ያሉት ኤሌክትሪኮች እነማን ናቸው? ቢዋይዲ ሲጋልና መሰሎቹ ናቸው፤ ትንንሽ መኪኖች! ጸሐፊው «ትንሽ መኪና አትግዙ፣ ኤሌክትሪክ ጠብቁ» ሲሉ መልሰው ትንሽ መኪና ግዙ ማለታቸው ነው። ግቢ ያለውና ቤቱ ቻርጅ ማድረግ የሚችል ሰው ያስብበት። ተከራይ ሆኖ መብራቱ በየሰዓቱ የሚሄድበት ሰው ግን ልጆቹን ነገ ጠዋት በምን ያድርሳቸው?

ለባልደረባዬም ይህንኑ ነው ያልኩት። ያገለገለች ቪትዝ ስታይ ከዚራን አዙረህ ብቻ አትግዛ። ሻጩን «ደንገጎ ደርሰን እንመለስ» በለው። መጀመሪያ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ የራዲያተሩን ክዳን ክፈት። ውሃው ቀይ ወይም ቡናማ ከሆነ፣ አፉ ላይም ነጭ ቅርፊት ካለ እዚያው ተወው። ንጹሕ ከሆነ ኦቢዲውን ሰካና አራት ሰው ጭነህ ኤሲ ከፍተህ ውጣ። ቁጥሩ ከ100 በታች እየዋዠቀ አናት ላይ ከደረሰ ማቀዝቀዣው ጤነኛ ነው። ስትወርድ በሁለተኛ ማርሽ ውረድ፤ መሪው ፍሬን ስትይዝ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ዲስኩ ታጥፏል፣ ከዋጋው ላይ አስቀንስ። ታች ስትደርስ የፍሬን ሽታ ከሌለ፣ ፔዳሉም እንደ ጠዋቱ ጠንካራ ከሆነ፣ ሊብሬውን ተቀብለህ መነጋገር ትችላለህ። «ደንገጎማ አልሄድም» የሚል ሻጭ ካጋጠመህ ሌላ መኪና ፈልግ።